ገንዘቡ ቀድሞ፣ ሕጉ ዘግይቶ፦ የአሜሪካ ነርሲንግ ሆም ታሪክ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ነርሲንግ ሆሞች አረጋውያንን የሚያጥቡ፣ የሚያበሉና ከአልጋ የሚያነሱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ሥራውን ለመጀመር የሚወስዱት ሥልጠና ቢያንስ 75 ሰዓት እንዲሆን የፌዴራል ሕግ የደነገገው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። የመንግሥት ገንዘብ ግን ወደ አረጋውያን ቤቶች መፍሰስ ከጀመረ በዚያን ጊዜ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከድሆች መጠለያ ነው። በዚያ ዘመን ጧሪ የሌለው አዛውንት መጨረሻው አካባቢው የሚያስተዳድረው፣ ስሙ ሲነሳ የሚያሳፍር መጠለያ ነበር። የ1935ቱ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ይህን ለማስቀረት ሲል በመንግሥት ተቋም ለሚኖር ሰው የእርጅና ድጎማ እንዳይከፈል ከለከለ። በግል ቤት ለሚያድር ግን ይከፈላል። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም፤ ትርፍ ክፍል ያለው ሁሉ አልጋ ዘርግቶ የአዛውንቱን ድጎማ መቀበል ጀመረ። ግዛቶች ለእነዚህ ቤቶች መስፈርት የሚያወጣ አካል እንዲኖራቸው የተጠየቁት በ1950 ማሻሻያ ነው።

በ1965 ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ሲመጡ ገንዘቡ ጎረፈ። ብዙዎቹ ቤቶች መስፈርቱን አላሟሉም፤ መንግሥት ግን ከመዝጋት ይልቅ «በአብዛኛው አሟልተዋል» የሚል መደብ ፈጥሮ አሳለፋቸው። በጃንዋሪ 1970 በኦሃዮ፣ ማሪየታ ከተማ አንድ ነርሲንግ ሆም ተቃጥሎ ከ30 በላይ አረጋውያን ሞቱ። ሴናተር ፍራንክ ሞስ የመሩት ንዑስ ኮሚቴም ከ1974 ጀምሮ የቤቶቹን ጉድ በተከታታይ ሪፖርት አወጣ። ሕግ ግን አልተከተለውም።

ነገሩን ያንቀሳቀሱት ራሳቸው ነዋሪዎቹ ናቸው። በ1975 በኮሎራዶ የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች ክስ መሠረቱ። ክርክራቸው ቀላል ነበር፦ ተቆጣጣሪው የሚሞላው ቅጽ ቤቱ እንክብካቤ መስጠት ይችል እንደሆነ ይጠይቃል እንጂ፣ አዛውንቷ በእርግጥ ታጥባ፣ በልታ፣ ገላዋ በመኝታ ብዛት ሳይቆስል መዋሏን አይጠይቅም። ወረቀቱ ከተሟላ ቤቱ ያልፋል። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም። በ1984 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ገንዘቡን የሚከፍለው የፌዴራል መንግሥት እንክብካቤው በትክክል መሰጠቱን የማረጋገጥ ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ዘጠኝ ዓመት ለአንድ አረጋዊ ከሳሽ ስንት እንደሆነ አንባቢ ያስላው።

ሬገን በዲሴምበር 1987 የፈረሙት ሕግ (ለብቻው እንኳ አልወጣም፣ በበጀት ሕግ ውስጥ ተሸጉጦ ነው ያለፈው) ነዋሪን ለቅጣት ወይም ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ማሰርና በመድኃኒት ማደንዘዝን ከለከለ፤ ተቆጣጣሪ ሳያስታውቅ እንዲመጣም አዘዘ። ለውጡ የሚካድ አይደለም። ከሕጉ በፊት ከአሥር ነዋሪዎች አራቱ ገደማ ከአልጋ ወይም ከወንበር ጋር ይታሰሩ ነበር፤ ዛሬ እንዲህ የሚደረግባቸው ጥቂት ናቸው።

አንድ ቁጥር ግን ጎደለ። ሕጉ «በቂ» ሠራተኛ ይኑር አለ እንጂ ስንት እንደሆነ አልተናገረም። ለባለቤቶች ከዚህ የተመቸ ቃል የለም። በኮቪድ ከ200,000 በላይ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ከሞቱ በኋላ፣ በ2024 የባይደን አስተዳደር ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን 3.48 ሰዓት እንክብካቤ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። በ2025 የቴክሳስ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው፤ በዚያው ዓመት ኮንግረስ ተፈጻሚነቱን እስከ 2034 አገደ።

አሁን አንዲት ረዳት በአንድ ፈረቃ ስንት ሰው እንደምታነሳ የሚወስነው የየግዛቱ ሕግ ነው፤ እሱ ከሌለ ደግሞ የቤቱ ባለቤት።