ከአልጋ እስከ በርጩማ፦ የአሮጌ እንጨት ታሪክ በገዳሪፍና በመተማ መካከል

ስለ ገዳሪፍ የሚጽፉ ሰዎች ማሽላውንና ሰሊጡን፣ የአረቢያ ሙጫውንና የባቡር ሐዲዱን ያስቀድማሉ። መተማ ስትነሣ ደግሞ በመጋቢት 1889 የተደረገው ጦርነት ይቀድማል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሁለቱም ትረካ ውስጥ የቤት ዕቃ ስፍራ የለውም። ዳሩ ግን በእነዚህ ከተሞች መካከል ያለው ሕዝብ የተኛበትንና የተቀመጠበትን እንጨት ተከትለን ብንሄድ፣ በመዝገብ ቤት የማይገኝ ታሪክ እናገኛለን። አሮጌ እንጨት አፍርሶ ሌላ ነገር መሥራት ለእኛ አካባቢ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ሆኖ አያውቅም።

መነሻችን ሱዳኖች አንገሬብ የሚሉት አልጋ ነው። ስሙ ከጎንደር አጠገብ ተነሥቶ ወደ አትባራ ከሚወርደው ከአንገረብ ወንዝ ጋር ቢመሳሰልም፣ መመሳሰሉን ብቻ ይዞ ዝምድና መፍጠር አይገባም። ከወንዙ ይልቅ የሚዘመደው የእኛው የጠፍር አልጋ ነው፤ ሁለቱ በአሠራር ወንድማማች ናቸው። አራት እግርና አራት አግዳሚ፣ በድምሩ ስምንት እንጨት ነው። የአግዳሚዎቹ ጫፍ ተጠርቦ በእግሩ ራስ ላይ በተፈለፈለው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ምስማር አያስፈልገውም። ጠፍሩ ወይም ገመዱ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ ሲጠለፍ አግዳሚዎቹን ወደ ውስጥ ስለሚስብ፣ መገጣጠሚያውን የሚያጠብቀው ራሱ መኝታው ነው። ገመዱ ሲላላ አልጋው ይወዛወዛል፤ ሲጠብቅ ይጸናል፤ ሲቆረጥ ደግሞ ስምንቱ እንጨት ሳይሰበር ይለያያል።

የዚህ አሠራር ጥቅም የሚታየው ዕቃው ካረጀ በኋላ ነው። በምስማርና በሙጫ የተሠራ ቁም ሣጥን ሲፈርስ ግማሹ ማገዶ ይሆናል። አንገሬብ ግን አንድ እግሩ ቢበላ ያንኑ እግር ብቻ መለወጥ ይቻላል፤ ረጅሙ አግዳሚ መካከሉ ላይ ቢሰነጠቅ ተቆርጦ የራስጌ ወይም የግርጌ አጭር አግዳሚ ይሆናል፤ የትልቅ ሰው አልጋ ወርዶ የሕፃን አልጋ፣ የሕፃኑ አልጋ ወርዶ በርጩማ ለመሆን ይችላል። የአናጢው ዕውቀት ትልቁ ክፍል የትኛው እንጨት ገና ዕድሜ እንዳለው መለየት ነው፤ ይህን ለማወቅ በመሮው ጀርባ እንጨቱን መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል።

የዕድሜውን ርዝመት ለሚጠራጠር ሰው ማስረጃው ከመሬት በታች ወጥቷል። አሜሪካዊው የከርሰ ምድር ተመራማሪ ጆርጅ ራይዝነር ከ1913 እስከ 1916 በሰሜን ሱዳን በከርማ ባደረገው ቁፋሮ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ሺህ ዓመት የኖሩ ሰዎች በአልጋ ላይ ተጋድመው ተቀብረው አገኘ። የአልጋዎቹ እግሮች በበሬ እግር አምሳል የተቀረጹ ነበሩ፤ የአንዳንዶቹም የግርጌ ሳንቃ በዝሆን ጥርስ ቅርጽ አጊጦ ነበር። የዛሬው የሱዳን ሰው ሬሳውን በአንገሬብ ተሸክሞ ወደ መቃብር ይወስዳል፤ አልጋውን ግን አብሮ አይቀብረውም። አማርኛችንም ለመኝታና ለዙፋን አንድ ቃል መጠቀሙ በዚህ ላይ የሚታሰብ ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ወድቀው ምኒልክ ሲነግሡ፣ የተወረሰው «አልጋ» ተብሎ ተነግሯል።

ከጥንቱ ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመለስ፣ እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በ1861 ክረምት በአትባራ ዳር ሶፊ በምትባል መንደር ሰፍሮ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ሳለ መሻገር አስፈለገው፤ ጀልባ ግን አልነበረም። ስምንት የተነፉ አቁማዳዎች ከአንገሬቡ ጋር አስሮ፣ በላዩ ላይ ትልቅ ክብ የቆርቆሮ መታጠቢያ ገንዳ ጠፍሮ፣ አልጋውን ታንኳ አደረገው። በኋላ ሕጋዊ ሚስቱ የሆነችው ፍሎረንስና ጓዛቸው በዚህ ዕቃ ተሻገሩ። ቤከር ይህን በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እንደ ራሱ ብልኀት ይተርከዋል። ብልኀቱን ባንነፍገውም፣ አቁማዳውን ተሸክሞ ታንኳ ለመሆን የበቃው አልጋ የአገሬው አናጢ ሥራ ነበር።

እንጨት በዚህ አገር ያኔ ርካሽ ነበር። እንዴት ውድ እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ነገር ማየት ይበቃል። አንደኛው ባቡር ነው። በ1924 ከሰላ የደረሰው ሐዲድ በገዳሪፍ አልፎ በ1929 በሰናር በኩል ከዋናው መስመር ጋር ተገናኘ፤ የሱዳን ባቡርም ለሐዲዱ ማጋደሚያ የሚሆን ጠንካራ እንጨት በሱዳን ውስጥ ባለው የዓባይ ዳር ከሚበቅሉት የሱንጥ ግራር ደኖች ያስቆርጥ ነበር። ሱንጥ የጀልባ፣ የውኃ መሳቢያ መንኰራኵርና የአልጋ እንጨት ነው፤ ስለዚህ አናጢውና ባቡሩ በአንድ ዛፍ ተሻሙ።

ሁለተኛውና የከፋው ትራክተር ነው። በ1944 በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው የእንግሊዝ ጦር ቀለብ ለማቅረብ በገዳሪፍ አካባቢ በመሣሪያ የሚታረስ የማሽላ እርሻ ተጀመረ። ጦርነቱ ቢያልቅም እርሻው አላበቃም፤ በ1968 የተቋቋመው የመሣሪያ እርሻ ኮርፖሬሽን ይበልጥ አስፋፋው። ጠልሕና ሐሻብ የሚባሉት ግራሮች የበቀሉበት ጥቁር አፈር ከዳር እስከ ዳር ተመነጠረ። በ1989 የወጣው የደን ሕግ በዝናብ የሚለሙ እርሻዎች ከመሬታቸው 10 በመቶውን በዛፍ እንዲሸፍኑ አዘዘ፤ ትእዛዙ ግን በአብዛኛው በወረቀት ላይ ቀርቷል። ዛሬ ከገዳሪፍ ወደ ገላባት የሚጓዝ ሰው ለረጅም ሰዓት የሚያየው ማሳ ነው። የአናጢ ሱቅ ውስጥ የፈረሰ በር፣ የተሰበረ ሣጥን፣ የዕቃ ማሸጊያ ርብራብ ተከምሮ ቢታይ ሰውዬው ድሃ ወይም ዝርክርክ ስለሆነ አይደለም፤ ደኑ ወደዚያ ክምር ስለተዛወረ ነው።

በዚህ ላይ የእኛ ሰዎች ታሪክ ይጨመራል። ኡም ራኩባ የሚለው የቦታ ስም ራሱ የእንጨት ነገር ነው፤ ራኩባ ማለት በባላ ላይ ተጋድሞ ሣር የለበሰ ዳስ ነውና። በ1980ዎቹ ከረኀብና ከጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን የሰፈሩበት ይህ ካምፕ ቆይቶ ተዘጋ፤ በትግራይ ጦርነት ምክንያት በኅዳር 2020 እንደገና ተከፈተ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ቱነይድባ ተጨመረ። ድንበር የሚሻገር ሰው አልጋውን አይሸከምም። ስለዚህ ስደተኛው በየጊዜው የቤት ዕቃውን ከምንም ይጀምራል፤ የሚጀምረውም ከመቀመጫ ነው።

በንበር የሚባለው የሱዳን አጭር በርጩማ እዚህ ላይ ይገባል። በንበር ትንሽ አንገሬብ ነው፦ አራት እግር፣ አራት አግዳሚ፣ ጥልፍ ገመድ። ከተጣለ እንጨት ለመሥራት የሚቀለው ዕቃ እርሱ ስለሆነ፣ በገዳሪፍ መንገድ ዳር ሻይና ቡና የምታፈላ ሴት ንግዷን ለመክፈት ከጀበና፣ ከምድጃና ከጥቂት ስኒ ሌላ የሚያስፈልጋት አምስት ስድስት በንበር ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ሴቶች በዚህ ሥራ ለብዙ ዘመን ኖረዋል። ረከቦቱን ከእኛ፣ በርጩማውን ከሱዳን ያገናኘው የቡና ስፍራ፣ በእኔ ግምት፣ ስለ ሁለቱ አገሮች ጉርብትና ከብዙ የስምምነት ሰነድ የበለጠ ይናገራል። ይህን ስል በመርካቶ ያለውን ምን አለሽ ተራን አልረሳሁም፤ እዚያ ቆራሌው ሰብስቦ ያመጣውን የሚያፈርሰው አንድ፣ የሚሠራው ሌላ፣ የሚሸጠው ሦስተኛ ነው። የአልጋና የበንበር ጥገና ግን ብዙ ጊዜ በዚያው ግቢ ተጀምሮ በዚያው ግቢ ያልቃል።

በሚያዝያ 2023 በካርቱም የተነሣው ጦርነት የአሮጌ ዕቃን ጉዳይ ሌላ መልክ ሰጠው። ከካርቱም፣ ከጀዚራና ከሰናር የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ገዳሪፍ ጎረፉ፤ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ሌሎችም በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። ከሰው ቤት የተዘረፈ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሸጥባቸው ገበያዎችም በየከተማው ታዩ፤ ሕዝቡ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ አዛዥ ስም «የደጋሎ ገበያ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ በርካሽ የቀረበ አሮጌ አልጋ የሚገዛ ሰው የእንጨቱን ጥንካሬ ብቻ መመርመር አይበቃውም፤ የማን እንደነበረም መጠየቅ አለበት። የራስን የተሰበረ አልጋ ማሠራት ከዚህ ጥያቄ ነፃ ያወጣል።

የብረት አልጋና የፕላስቲክ ወንበር ገበያውን ይዘዋል፤ ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ ግን ወደ ቆሻሻ ከመሄድ በቀር መንገድ የለውም። የእንጨቱ ሥራ ከገመዱ ጋር አብሮ እየተለወጠ ቀጥሏል። ጥንት ጥሬ ቆዳ ነበር፤ የዱም ዘንባባ ቅጠልም ተገምዶ ይሠራበት ነበር፤ ናይለን ተከተለ። አሁን ደግሞ የማዳበሪያና የእህል ከረጢት ክር በክር ተተርትሮ፣ በጭን ላይ ተፈትሎ፣ ገመድ ይሆንና በአሮጌው አግዳሚ ላይ ይጠለፋል።