የባሌ ደጋና የካርታው ጀማሪዎች

የባሌ ደጋ በዝርዝር ወደ ካርታ የገባው ዘግይቶ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1894 ዓ.ም. እስከ ሼክ ሁሴን ደርሶ የተጓዘበትን አገር በካርታ ቢነድፍም፣ ከጎባ በላይ የተዘረጋው የሳነቴ አምባ እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ለውጭው ዓለም እምብዛም አልታወቀም ነበር። የአገሩ ከብት አርቢ ግን ሆራውንና ግጦሹን፣ ወደ ሐረና ጫካ የሚያወርደውንም መንገድ በየስሙ ያውቅ ነበር። እንግዲህ ባዶ የነበረው ወረቀቱ እንጂ አገሩ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በዓባይ ተፋሰስ የተካሄደው ቅየሳ፣ በሱዳንና በግብፅ ወሰን አጠገብ ካለው ከአዲንዳን መነሻ ነጥብ ጋር ኢትዮጵያን አገናኘ። በ1963 የተጀመረው የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሥራ ደግሞ የአየር ፎቶግራፍን አስፋፋ። በዚሁ መነሻ ላይ ተመሥርተውም የ1፡50,000 ካርታዎች ታተሙ። ይህ ሁሉ የመንግሥትና የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዛዊው ስቲቭ ኮስት ኦፕንስትሪትማፕ የተባለውን የኅብረት ካርታ ሲጀምር ግን ብዕሩ ለማንኛውም ሰው ተሰጠ። ይሁን እንጂ ብዕሩ ሲሰጥ ኃላፊነቱም አብሮ ተሰጥቷል። ለዚህም ከሮቤ እስከ ሳነቴ ያለው አገር ጥሩ ትምህርት ቤት ነው።

አንደኛው ትምህርት የመነሻ ነጥብ ነው። በአዲንዳን የተለካን ቦታ ሳያሰሉ በዛሬው የሳተላይት ልኬት ላይ ያሰፈረ ጀማሪ፣ ቦታውን ከመቶ ሜትር በላይ ያዛንፈዋል። ደግሞም ባለመብቱ ያልፈቀደውን ካርታ መገልበጥ በኅብረቱ ደንብ የተከለከለ ነው።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው። ሮቤ በባሌ አለ፤ በአርሲም አለ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የባሌ ተራራ ነው፤ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ያለ ሰፈርም በዚሁ ስም ይጠራል። ስለሆነም ስም ከነዋሪው አፍ ተጠይቆ፣ ኦሮምኛው በቁቤ፣ አማርኛው በፊደል፣ በየመደባቸው ሊጻፍ ይገባል።

ሦስተኛው ወቅትን ማወቅ ነው። በክረምት በሳነቴ ላይ የሚሞሉት ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች ብዙዎቹ በበጋ ይደርቃሉ። ጎዳንቱ በሚባለው ልማድ መሠረት አርቢውም ከነመንጋው በየወቅቱ ቦታ ይለውጣል። በአንድ ቀን የተነሣውን ፎቶግራፍ ብቻ ያየ ሰው ኩሬውን ሊሰርዘው፣ የሰው መሰማሪያ የሆነውን ግጦሽም «ሰው አልባ» ሊለው ይችላል። በካርታ ላይ ሰው አልባ የተባለ መሬት ደግሞ ባለቤት የሌለው መስሎ ይታያል፤ ጉዳቱም የሚደርሰው በአርቢው ላይ ነው።

የሚታወቅ ሁሉ ይጻፍ ማለትም አይደለም። በዓለም ከቀሩት ጥቂት መቶ ቀይ ቀበሮዎች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ስለሚኖሩ፣ የግልገሎቻቸውን ጉድጓድ በካርታ ላይ ማመልከት ለአደጋ ማጋለጥ ይሆናል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጌጥ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ ተሸካሚ የራሱን ሎሚ ሳይጥል፣ የጎረቤቱንም ሳይነካ ሲሄድ ነው። ጀማሪው ጥቂት ይሥራ፤ የሠራበትን ምክንያት ጽፎ ይተው፤ የሌላውን ሥራ ከማጥፋቱ በፊትም ይጠይቅ።