በእጅ የተሰጠ ትንፋሽ

ልምሻ ሲባል ቶሎ በዐይናችን የሚመጣው የሰለለ እግርና ምርኩዝ ነው። በሽታው የመዋጫንና የመተንፈሻን ነርቮች ሲይዝ ግን ሕመምተኛው ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል፣ የደረቱ ጡንቻ ይዝላል፣ በገዛ አክታው ታፍኖ ይሞታል። በ1952 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን ላይ የወረደው መዓት ይኸኛው ነበር።

የከተማይቱ የተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል፣ ብሌግዳም፣ የነበሩት አንድ «የብረት ሳንባ»ና ደረት ላይ የሚታሰሩ ስድስት መሣሪያዎች ብቻ ሲሆኑ፣ በከፋው ጊዜ በቀን እስከ 50 ሕመምተኛ ይገባበት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በእነዚህ ከታከሙት 31 ሰዎች 27ቱ ሞቱ። ጭንቅ ያላቸው ዋናው ሐኪም ፕሮፌሰር ላሰን፣ ብዮርን ኢብሰን የተባሉትን የማደንዘዣ ሐኪም አስጠሩ። ልብ በሉ፤ የማደንዘዣ ሐኪም በዚያን ጊዜ ከቀዶ ጥገና ክፍል ውጭ ምን ሥራ አለው?

ኢብሰን፣ ሌሎቹን ግራ ያጋባው የደም ምርመራ ውጤት የሚናገረው ሕመምተኞቹ በቂ አየር እንደማያገኙ ነው አሉ። ኦገስት 27 ቀን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮዋ ከፊት ተበስቶ ቱቦ ገባላት። ልጅቱ ታገለች፤ አየሩም አልገባ አለ። የማደንዘዣ መድኃኒት ሰጥተው ሰውነቷ ሲላላ የጎማውን ከረጢት እየጨመቁ ሳንባዋን በአየር ሞሉት። ለማየት ከመጡት ሐኪሞች አንዳንዶቹ አበቃላት ብለው ክፍሉን ለቀው ወጥተው ነበር ይባላል። ልጅቱ ተረፈች።

ታዲያ ከረጢቱን ማን ይጨምቅ? በሽታው ለሳምንታት፣ ለወራት የሚቆይ ነው፤ ከረጢቱን የሚጨምቅ ሞተር ደግሞ በበቂ አልነበረም። የሕክምና ተማሪዎች ተጠሩ። 1,500 ያህል ወጣቶች በፈረቃ እየተተካኩ 165,000 ሰዓት ያህል ጨመቁ፤ አንዳንዴ 70 ሕመምተኛ በአንድ ጊዜ በእጅ ይተነፍስ ነበር። የሟቾቹም ቁጥር ወደ ግማሽ ወረደ። ታሪክ የኢብሰንን ስም ሲያነሣ እነዚህን እጆች በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፉ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ቀን ቀን ተማሪው የልጁን ፊት ያያል፣ ያነብለታል፣ በዐይኑ ጥቅሻ ይግባባዋል። ሌሊቱ ሌላ ነው። ሕመምተኞቹ እንዲተኙ መብራቱ ይደበዝዛል፤ ጉሮሮው የተበሳ ሰው ድምፅ የለውም፤ ደረቱ ደግሞ በተማሪው እጅ ስለሚነሣ ሕይወት ኖረው አልኖረው ከፍ ዝቅ ማለቱን አይተውም። ከተማሪዎቹ አንዱ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደተናገሩት፣ ሞት የሚመጣው በሌሊት ነበር፤ መቼ እንደመጣም አይታወቅም። ጎሕ ቀድዶ ብርሃን ሲገባ ነው ተማሪው ከረጢቱን ሲጨምቅ ያደረው ለሬሳ መሆኑን የሚያየው። ዕድሜው ከሃያ ብዙም ያልዘለለ ልጅ እንግዲህ ይህን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ተራው ሲደርስም ይመለሳል።

በዲሴምበር 1953 እ.ኤ.አ. ኢብሰን በኮፐንሃገን ማዘጋጃ ቤት ሆስፒታል ሐኪምና ነርስ ቀንም ሌሊትም የማይለዩት ክፍል ከፈቱ። ዛሬ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው ነው።