ናሙና

ናሙና ማለት ሙሉውን እንዲወክል የተወሰደ ጥቂት ነው። ትልቁ ነገር «እንዲወክል» የሚለው ነው። በጆሃንስበርግ፣ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ስሙ ራሂማ ሙሳ ቢሆንም ሰዉ አሁንም ጄፒ በሚለው ጎዳና፣ ስለሚነግዱ ኢትዮጵያውያን የሚያጠና ሰው መጠይቁን በዋትስአፕ ቢበትን ማን ይመልስለታል? ዳታ የሚገዛ፣ ፋታ ያለው፣ ወረቀቱ የተስተካከለለት። የጥገኝነት ወረቀቱ ያለፈበት ሰው በዋትስአፕ መመለስ ይፈራል፤ መፍራቱም ልክ ነው፤ ስልክ ቁጥር ባለቤቱን ሊያሳውቅ ይችላልና። የሁሉም ስም የሰፈረበት መዝገብ ስለሌለ ደግሞ ማን እንደቀረ ማወቅ ያስቸግራል። ሺህ ሰው ቢመልስ እንኳ የፈቀዱት ስብስብ እንጂ ናሙና አይሆንም። አጥኚዎች ሆይ፣ ወደ ሱቆቹም ውረዱ፤ ያልደረሳችሁበትንም በጥናታችሁ ላይ በግልጽ ጻፉ።