ከጥቁሩ ነጠብጣብ በላይ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1859፣ ሐሙስ ረፋድ። ከለንደን በስተደቡብ ሬድሂል በምትባል ከተማ የ33 ዓመቱ ሪቻርድ ካሪንግተን እንደ ልማዱ የፀሐይን ነጠብጣቦች ይሥላል። የቢራ ጠማቂ ልጅ ነው፤ የአባቱን ፋብሪካ ወርሷል፣ ልቡ ግን ሰማይ ላይ ነው። ፀሐይን ትክ ብሎ አያያትም። ምስሏን በቴሌስኮፕ አሳልፎ ቀለም በተቀባ መስታወት ላይ ያሳርፋታል፤ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ክብ ትሆናለች። በዚያች ክብ ላይ የዕለቱን ትልቅ የነጠብጣቦች ስብስብ ሥሎ ጨርሷል።

ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ በነጠብጣቦቹ መካከል ሁለት ነጫጭ ብርሃኖች ቦግ አሉ። መጀመሪያ የጠረጠረው መሣሪያውን ነው፤ መከለያው ተቀዶ ጨረር ሾልኮ የገባ መሰለው። ምስሉን ቢያንቀሳቅሰው ብርሃኑም አብሮ ሄደ። ምስክር ልጥራ ብሎ ሮጠ። ደቂቃ ሳይሞላ ሲመለስ ብርሃኑ ደክሟል፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጨርሶ ጠፋ። ደግነቱ ሪቻርድ ሆጅሰን የተባለ ሌላ ሰው ሃይጌት በሚባል ስፍራ ሆኖ ያንኑ ነገር አይቶ ነበር።

17 ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ ምድር በመግነጢሳዊ ማዕበል ታወከች። በዋልታዎች አካባቢ የሚታየው የሰማይ ብርሃን እስከ ኩባ ወረደ። በቦስተንና በፖርትላንድ መካከል የነበሩ የቴሌግራፍ ሠራተኞች ባትሪያቸውን ነቅለው፣ ማዕበሉ በሽቦው ላይ በፈጠረው ኤሌክትሪክ ብቻ ሁለት ሰዓት ያህል መልእክት ተላላኩ።

ካሪንግተን ሁለቱን ክስተቶች ለማያያዝ አልቸኮለም። አንድ ነገር ግን ልብ ብሏል። ብርሃኑ ከጠፋ በኋላ ነጠብጣቦቹን ከሥዕሉ ጋር ቢያስተያይ ምንም አልተለወጡም። የሆነው ሁሉ የሆነው ከነጠብጣቦቹ በላይ ነው ሲል ደመደመ።

የነጠብጣቦቹ ምንነት እስኪታወቅ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። በ1908 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጆርጅ ኤለሪ ሄል ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዊልሰን ተራራ የነጠብጣብን ብርሃን በየቀለሙ ሲዘረዝር፣ በቀለማቱ መካከል የሚታዩትን ጥቁር መስመሮች ተሰንጥቀው አገኛቸው። ማግኔት የብርሃንን መስመር እንደሚሰነጥቅ ሆላንዳዊው ፒተር ዚማን በ1896 በቤተ ሙከራ አሳይቶ ነበር። እንግዲህ ነጠብጣቡ ማግኔት ነው፤ ብርታቱም ከምድር መግነጢሳዊ መስክ በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። የጠቆረው ከሥር እየፈላ የሚወጣውን ሙቀት ስለሚያግድ ነው።

የነጠብጣቦቹ መስክ ከአንዱ ነጠብጣብ ወጥቶ፣ እንደ ቅርጫት እጀታ ወደ ላይ ጎብጦ፣ በሌላው ይገባል። ግርጌው ያረፈበት ጋዝ ግን ስለማይረጋ ይጎትተዋል፣ ይጠመዝዘዋል። እንዝርት ላይ ከልክ በላይ የከረረ ፈትል ራሱ ላይ እንደሚጠቀለል፣ መስኩም ይወሳሰባል። አቅጣጫቸው የተቃረነ መስመሮች ሲጫጫኑ ይበጠሱና እንደገና በሌላ መልክ ይቀጠላሉ፤ በመጠምዘዝ የተከማቸው ኃይል ያን ጊዜ ይፈነዳል። ብርሃኑ በስምንት ደቂቃ ምድር ይደርሳል፤ በፍንዳታው የተወረወረውና ማዕበሉን የሚያስነሳው የጋዝ ደመና ግን ብዙውን ጊዜ ቀናት፣ አንዳንዴም ሰዓታት ብቻ ይፈጅበታል።

በማርች 1989 እንዲህ ያለ ማዕበል የካናዳዋን ኩቤክ መታ፤ 6 ሚሊዮን ሰው ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ያለ መብራት ቆየ። ዛሬ የፀሐይን ጠባይ የሚከታተሉ ባለሙያዎች የነጠብጣቡን ትልቅነት አይተው ብቻ አይተዉም፤ መስኩ ምን ያህል እንደተወሳሰበ ይመረምራሉ።

ካሪንግተን በዚያ ረፋድ የሣለው የእጀታውን ግርጌ ነበር። የተበጠሰው ከላይ፣ ዓይን የማያየው ጉብጠት ነው። ሥዕሉ ሳይለወጥ የቀረው ለዚህ ነው።