አባትና አጥንት፤ ፊታውራሪ መሸሻ በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በአንባብያን ዘንድ የሁለት ወጣቶች የፍቅር ታሪክ ተብሎ ይታወቃል። የሕዝብን ልማድ ለሚመረምር ሰው ግን ከፍቅረኞቹ ይልቅ ብዙ የሚያስተምሩት የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። ብዙ ሰው እኒህን ባላባት የትዕቢት ምሳሌ አድርጎ ያልፋቸዋል። ትዕቢተኛነታቸው አይካድም፤ ነገር ግን በልጃቸው ላይ የፈረዱት ፍርድ ከጠባያቸው ብቻ የመነጨ አይደለም። በአማራው አገር ለአባት የተሰጠውን አንድ የቈየ ሥራ ሲፈጽሙ እናያቸዋለን።

ያ ሥራ የትውልድን ቈጠራ መጠበቅ ነበር። ርስት በአባትም ሆነ በእናት በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን ቈጥሮ ለሚያስረዳ ሁሉ ይደርስ ነበር። ጋብቻም በዚሁ ቈጠራ ይመራል፤ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡምና። ስለዚህ ልጁን የሚድር አባት የሁለቱን ወገን ሐረግ ሲመረምር ሦስት ጥያቄዎችን ባንድነት ይጠይቃል። ዘመዳሞች ናቸውን? ርስት አላቸውን? አጥንታቸው ጨዋ ነውን? የመጀመሪያው ጥያቄ የሃይማኖት ሥርዓት ነው፤ ሁለተኛው የኑሮ ጥቅም ነው፤ ሦስተኛው ሰውን በትውልዱ መናቅ ነው። በአባት አንደበት ግን ሦስቱም ለልጅ የማሰብ መልክ ይዘው አብረው ይወጣሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ይህን ያህል ዘመን ሳይነካ የኖረው ከሁለቱ ጋራ ተዳብሎ በመጠየቁ ይመስለኛል።

የዚህን ጥያቄ ጽኑ ገጽ ያዩ ባለእጆች ናቸው። በታች ጋይንት የምትገኘው አርብ ገበያ፥ ስሟ እንደሚናገረው፥ በሳምንታዊው ገበያ የተጠራች ናት። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴም ሆነ በሌላው የጎንደር አገር ገበሬው ከገበያ ሲመለስ የሚይዘው የባለእጅን ሥራ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ ከቀጥቃጭ፥ ምጣድና እንስራ ከሸክላ ሠሪ፥ ጠፍር ከቆዳ ፋቂ፥ ጋቢ ከሸማኔ። ያለ እነዚህ እጆች አንድ ክረምት እንኳ አይታረስም። ነገር ግን ገበያ ያገናኛቸውን ጋብቻ ይለያቸዋል። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው «ቡዳ» እየተባሉ ይፈሩ ነበር፤ ሴት ልጃቸውም ለገበሬ ልጅ አትጠየቅም ነበር።

ይህ መለየት ከመሬት ጋራ ያለውን ግንኙነት የቤተ እስራኤል ታሪክ ይገልጠዋል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ፥ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ እንደ ደነገጉ ይነገራል። ርስት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ማደሩ ግድ ነው። በኋላም በጎንደር ነገሥታት ዘመን ቤተ እስራኤል በግንበኝነት፥ በአናጢነትና በብረት ሥራ የታወቁ ሆኑ። እንግዲህ ቢያንስ በዚህ ምሳሌ፥ ኋላ የአጥንት ጕድፈት የተባለው ነገር አስቀድሞ የመሬት ፍርድ ነበር። ትውልድ ሲያልፍ ፍርዱ ተረሳ፤ ንቀቱ ብቻ ቀረ።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ሲከለክሉ ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መወለዱን አስታወሱ። ዐዋጁ ስድቡን በአደባባይ ከለከለ፤ በቤት ውስጥ የሚደረገውን የአባት ቈጠራ ግን ሊደርስበት አልቻለም።

የሐዲስ ዓለማየሁ ድርሰት የሚገባው እዚህ ቤት ውስጥ ነው። ታሪኩ የጎጃም ነው፤ በዛብህም የተናቀው በትውልዱ እንጂ በእጅ ሥራ አይደለም፤ እንዲያውም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለው ሰው ነው። መለኪያው ግን ያው አጥንት ነው። ፊታውራሪ ለልጃቸው የመጡትን ጠያቂዎች በትውልድ አይመጥኑም እያሉ ሲመልሱ የሰብለ ወንጌል የጋብቻ ዕድሜ ያልፋል። ደራሲው በዚህ የሚያሳዩን ነገር ከባድ ነው፤ ዝቅተኛውን ለመለየት የተበጀው መለኪያ በመጨረሻ እኩያውንም አያስተርፍም።

በዚያው መጽሐፍ ሌላ አባት አለ፤ የማንኩሳው ቦጋለ መብራቱ። እሱና ሚስቱ ውድነሽ በጣሙ በዛብህን በድንግልና እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተስለውበታል። ባላባቱ በአጥንት፥ ድኻው በስለት፥ ሁለቱም ለልጃቸው በጎ ያደረጉ እየመሰላቸው የልጃቸውን ዕድል ያለ ፈቃዱ ወሰኑ። ከሁለቱም ቤት በእነዚህ ልጆች በኩል የሚቈጠር የልጅ ልጅ አልተገኘም። ቈጠራውን ያቋረጡት ጠባቂዎቹ ራሳቸው ናቸው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጋብቻን በተጋቢዎቹ ፈቃድ ላይ መሠረተ፤ የ1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ የርስትን ሥርዓት አስቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም የተጋቢዎችን ነጻ ፈቃድ አጸና። የርስቱ ጥያቄ ቢወድቅም የአጥንቱ ጥያቄ ግን ዛሬም በሽምግልና ጊዜ ፈጽሞ አልጠፋም። ስለዚህ ይህን ልማድ የሚያጠና ተማሪ የተናቁትን ብቻ ጠይቆ እንዳይመለስ ያስፈልጋል። ልጅ የሚድሩትን አባቶችም ቀርቦ «ለልጅዎ የሚፈሩት ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ንቀቱ የተሸሸገው ከዚህ መልስ ውስጥ ነውና።