ከማር ወደ ስኳር፦ የጣፋጭ ልክ ታሪክ

በአማርኛ «ስኳር» ሁለት ነገር ይጠራበታል፤ ሻይ የሚያጣፍጠውን ነጭ ቅመምና ብዙ ቤት የገባውን በሽታ። አንድ ስም ለደስታና ለሕመም በአንድነት የዋለበትን ምክንያት ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል።

ቃሉ ከሩቅ የመጣ ነው። በሳንስክሪት «ሻርካራ» ይባል የነበረው በፋርስ በኩል አልፎ በዓረብኛ «ሱከር» ሆነ፤ ኢጣልያኖችም «ዙኬሮ» ያሉት ከዚያው ወስደው ነው። በኢትዮጵያ ግን ለብዙ ዘመናት የጣፋጭ ምንጭ ማር ነበር። ማር ለግብር ይገባል፤ ጠጅ ይጣልበታል፤ ለመድኃኒትም ይቀመማል። በገበሬው ገበታ ላይ በየዕለቱ የሚቀርብ ግን አልነበረም። ልኩን የሚወስኑት ንቡና የአበባው ወራት ነበሩ።

ያ ልክ በምሥራቅ አፍሪካ የፈረሰው በሃያኛው መቶ ዘመን ነው። በሶማልያ እ.ኤ.አ. በ1920 የአብሩዚው መስፍን በዋቢ ሸበሌ ዳርቻ፣ ዛሬ ጆሀር በሚባለው ስፍራ፣ የእርሻ መንደር ቆረቆረ፤ አገዳም ተተከለበት። በኡጋንዳ ሉጋዚ በ1924፣ ካኪራም በ1930 ተከተሉ። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነበር። በኢንዶኔዥያ ለረጅም ጊዜ እርሻ ያለማው ይህ ኩባንያ፣ አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ ፊቱን ወደ አዋሽ ሸለቆ አዞረ። የወንጂ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀመረ፤ ሸዋ በ1962 ተጨመረ፤ መተሐራም በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ተከተለ።

ስኳር ከዚያ ወዲህ የመስተንግዶ መለኪያ ሆነ። በደርግ ዘመን በቀበሌ የኅብረት ሱቅ በኮታ ይታደል ስለነበር፣ ለእንግዳ ሻይ ሦስትና አራት ማንኪያ መጨመር ካላት ላይ የቆረሰች እመቤት የክብር ምልክት ነበር። እጥረቱ ፍቅርን በማንኪያ መለካት አስተማረ፤ ስኳሩ በተገኘ ጊዜም ልማዱ አልቀረም።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ከምግብና ከመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር ከዕለቱ የምግብ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን አሳሰበ፤ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን የተሻለ እንደሆነም ጠቆመ። 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የመጀመሪያው 50 ግራም፣ ማለትም ዐሥራ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ ሁለተኛው ስድስት። ማርም ከዚሁ ይቆጠራል። ባለ ሦስት ማንኪያ ሻይ ሦስት ጊዜ የጠጣ ሰው ዘጠኝ ማንኪያ ወስዷል፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ቢጨምርበት ከመጀመሪያው ወሰንም ያልፋል።

በሽታው ስሙን ያገኘው በደምና በሽንት ውስጥ ከሚበዛው ስኳር ነው። ስኳር የቀመሰ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ነገር ግን ስኳር ሲበዛ ጥርስን ያበላሻል፤ ውፍረትንም ያስከትላል፤ ውፍረት ደግሞ በጉልምስና ለሚመጣው የስኳር በሽታ መንገድ ይከፍታል።

አበው «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይላሉ። ዛሬ እንግዳን ማክበር የሚሻ ቤት ስኳሩን ከሻዩ ጋር አማስሎ ከማቅረብ ይልቅ በዕቃው አድርጎ፣ ማንኪያውን ለእንግዳው መተው ይችላል። ጣፋጩ ንግግር ግን ልክ አልወጣለትም።